ለሰሚራ የተያዘው ሰባት ቁጥር

ራውተር የሰው ሕይወት ይቀይራል ቢባል የማታምኑ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው እስቅ ነበር። ግን በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ በአራስ ቤት፣ ሳሎን ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ የገጠመኝን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ሳቁ። ያን ጊዜ አብሬያችሁ እስቃለሁ።

ስሜ ሀያት ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ወደ ቤተሰቦቼ ቤት ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም። በሰፈሩ «ኮምፒውተር የተማረችው ልጅ» እባላለሁ። ስልኩ የተቆለፈበት፣ ፓስወርዱ የጠፋበት፣ የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ የሚያስገለብጥ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ ሲጨርስ መርቆኝ ይሄዳል። ምርቃት አልጠላም። በምርቃት የሚወፈር ቢሆን ግን በይፋት ቆላ እኔን የሚያክል ሰው አይገኝም ነበር።

አባቴ የውሃ አባት ናቸው። ለማታውቁት፣ ከወንዙ በቦይ የሚመጣውን የመስኖ ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያድል ሰው በእኛ አካባቢ የውሃ አባት ይባላል። ሽንኩርትም ይሁን ቲማቲም፣ በአባቴ ደብተር ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ቦዩን አይነካም። በደብተሩ እያንዳንዱ ገጽ ላይ፣ ከላይ አራት አምስት ረድፍ ወረድ ብሎ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ቀይ መስመር አለ። ልጅ ሆኜ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩን ከእሳቸው በቀር ማንም አይጽፍበትም፤ እናቴ እንኳ አቧራውን የምታራግፈው አስፈቅዳ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር የሚባሉ የሽንኩርት ገበሬ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ ተራቸውን ሊጠይቁ መጥተው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጫወቱ መስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁ። «ያቺ የተማረችው ልጅህ፣ ሀያት፣ የት ደረሰች?» አሏቸው። አባቴ ትንሽ ዝም አሉና «ቤት ናት» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ክፉ ቃል አልነበረም፤ ውሸትም አልነበረም። ግን ከቃሉ በፊት የነበረችው ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሁን ወደ ሰሚራ ልምጣ። ሰሚራ የወንድሜ የኑረዲን ሚስት ናት። አጣዬ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። አጣዬ ስትቃጠል የእነሱም ቤት ከነዕቃው ነደደ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከክፍል ክፍል እየዞረች የሰበሰበችው ወረቀት ሁሉ አብሮ አመድ ሆነ። እኛ ግቢ የገባችው በለበሰችው ልብስ ነው። ለወራት ስለ ትምህርት ሲነሳ ተነስታ ትወጣ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት አዲስ ደብተር ገዝታ ከአንድ ጀመረች። የምታጠናው የሁለተኛ ክፍል ልጆች ማንበብ ለምን እንደሚያቅታቸው ነው። እንደገና ክፍል ለክፍል ዞረች፤ እንደገና ጻፈች፤ ጨረሰች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዲፌንስ የሚሉት ነገር፣ ማለት ሥራዋን በሦስት ፈታኞች ፊት አቅርባ ለሚጠይቋት ሁሉ መልስ መስጠት። ዩኒቨርሲቲው ጊዜዋን ሁለቴ አራዝሞላታል። ሦስተኛ የለም ተብላለች።

ዲፌንሱ ከመውለዷ በፊት እንዲያልቅ ታስቦ ነበር፤ ሕፃኑ ግን ቀጠሮ አላከበረም። ዲፌንሱ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ከች አለ። የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ደግሞ ጣርማ በርን በዚያ ብርድ ተሻግራ አዲስ አበባ ልትሄድ ይቅርና፣ በእኛ ቤት ደንብ አርባ ቀን ሳይሞላ ከደጃፉ አትወጣም። አማካሪዋ ሰውን ሁሉ ለምኖ በቪዲዮ እንዲሆንላት አስፈቀደ። ፈቃዱ ግን ማስጠንቀቂያ ነበረው፦ መስመሩ ተቋርጦ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ እንደቀረች ይቆጠራል።

ኑረዲን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ሳምንት ሎጊያ መንገድ ላይ ነበር። የስልክ ዳታ በእኛ ግቢ ቪዲዮ ስለማይሸከም ለዚሁ ብሎ የቤት ኢንተርኔት አስገብቶ ራውተሩን እኔ ላይ ጥሎ ሄደ። ሲሰናበተኝ «ያለንሽ አንቺ ነሽ» አለኝ። ቃሉ ኩራትም ፍርሃትም አሸከመኝ።

ረቡዕ ዕለት ራውተሩን ሳሎን ቢፌው ላይ ተከልኩት። ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ። ራውተር ለሚገናኘው ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ቁጥር ያድላል። ያ ቁጥር የመሣሪያው አድራሻ ነው፤ መልእክት የሚደርሰው በእሱ ነው። ራውተሩ ራሱ አንድ ቁጥር ነው። ከሁለት ጀምሮ ለመጣ ሁሉ በተራ ይሰጣል። ሌላም ነገር አለው፤ ለአንድ ቁጥር ቅድሚያ ስጥ ካሉት፣ ሌላው ቢጨናነቅም ያንን ቁጥር ያስቀድማል። እኔ ታዲያ ብልጥ ነኛ። የሰሚራን ላፕቶፕ ከፍቼ በገዛ እጄ ሰባት ቁጥር ብዬ ጻፍኩለት። ወደ ራውተሩ ሄጄ ሰባት ቁጥር ይቅደም አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካብሽም» አልኳት። ሰሚራ ሕፃኑን አቅፋ «አላህ ይስጥሽ» አለችኝ። ከአማካሪዋ ጋር ሞከርነው፤ ድምፁ ጥርት፣ ምስሉ ጥርት። የዚያን ቀን መሬት አልነካ ብዬ ነው የዋልኩት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አራስ ጠያቂ መጣ። የእኛን እናት ብታውቋት ጥሩ ነበር። እንግዳ ቤቷ ገብቶ የጎደለበት ነገር ካለ ያን ሳምንት አትተኛም። አንዷ ጎረቤት «ዋይፋይ አስገባችሁ አሉ» ብላ ፈገግ ስትል፣ እናቴ ወዲያው ጠራችኝና ፓስወርዱን በካርቶን ላይ በትልቁ አጽፋኝ ከቢፌው በላይ ሰቀለችው። ልከራከራት ሞክሬ ነበር። ውሃ ያልተከለከለ እንግዳ ዋይፋይ ሊከለከል ነው ወይ ብላ ዘጋችኝ። ደግሞ እኮ ጽሑፉን አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ ዳር ዳሩን አበባ ሁሉ ሥዬበታለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሚራ መኝታ ቤት ሆና እየተለማመደች ሳለ ሕፃኑ አለቀሰ። ላፕቶፑን ዘግታ አጠባችው። ስትከፍተው ኢንተርኔት የለም። ሳሎን ሄድኩ፤ የሁሉም ስልክ ይሠራል፤ የማይሠራው የእሷ ብቻ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ መልእክት ብቅ አለች፤ ምን እንደምትል ሳላነብ ዘጋኋት። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ምንም። እንግዶቹ አመሻሽ ላይ ሲሄዱ ራሱ ተመለሰ። ይህ ደግሞ ባሰብኝ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ድኗል አይባልም። እናቴ ዓይን ነው አለች። ኑረዲን በስልክ፣ ሰው በዝቶበት ነው አለ። እኔም የተሻለ ምክንያት ሳጣ የእሱን ያዝኩ። እናቴን ለምኜ ለነገ ካርቶኑን እንድታወርድ አስማልኳት።  ማታ ራት ላይ ሰሚራ ስታየኝ ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ነገር ግን፣ አጣዬ የተቃጠለች ሰሞን የነበረው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ የትናንት እንግዶች ዝርዝር ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ጀመረ። የእኔ ስልክ ሁለት፣ የእናቴ ሦስት፣ የሰሚራ ስልክ አራት፤ ላፕቶፑ ሰባት። አባቴ በረንዳ ላይ ደብተራቸውን ይዘው የከሰዓቱን የውሃ ተራ ያወጣሉ። የእሳቸው ስልክ በቁልፍ የሚሠራው ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው።

አራት ሰዓት ሲሆን ሰሚራ አዲስ ሻርፕ አድርጋ ተቀመጠች። ሦስቱ ፈታኞች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ሰሚራ ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። እኔ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሕፃኑን እያወዛወዝኩ እሰማለሁ። ድምፅዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ ስለ ልጆቹ ማውራት ስትጀምር ሌላ ሰው ሆነች። ክፍል ውስጥ የቆመች አስተማሪ ሆነች።

ለሃያ ደቂቃ ያህል እንደተናገረች የሚኒባስ ጥሩምባ ደጃችን ላይ ሰማሁ።  ሳሎን ብቅ ብዬ ባይ፣ እትዬ ሐሊማ ናቸው። እትዬ ሐሊማ ሰሚራን ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። ከአጣዬ ተነስተው፣ ጀውሃ ላይ ዘመድ ሁሉ አሳፍረው፣ ቅቤና አብሽ ተሸክመው፣ አሥር ሰው አስከትለው መጥተዋል። ማንም አልነገረንም፤ አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ደግሞ ደውሎ አያስፈቅድም። እናቴ ዝም በሉ እያለች በሹክሹክታ አስቀመጠቻቸው። እኔም ተመስገን ብዬ ተመለስኩ።

ያኔ ሰብሳቢው ፈታኝ ከጥያቄው በፊት ዐሥር ደቂቃ እንረፍ አሉ። ሕፃኑ የሰማ ይመስል ጮኸ። ሰሚራ ላፕቶፑን ዘግታ ልጇን ተቀበለችኝ። አጠባችው፤ አስተኛችው፤ ሻርፗን አስተካክላ ላፕቶፑን ከፈተች። መስመር የለም።

«ሀያት» አለች። ስሜን ብቻ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኳ ጠራ፤ አማካሪዋ ነው። ፈታኞቹ ተመልሰው እየጠበቁ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃው ከአሁን ጀምሮ ይቆጠራል አላት።

 ያቺ የትናንቷ ትንሽ መልእክት እንደገና ጥግ ላይ ብቅ አለች። በዚህ ጊዜ አነበብኳት። ይህ አድራሻ በሌላ መሣሪያ ተይዟል ትላለች።  ስልኬን አውጥቼ የራውተሩን ዝርዝር ከፈትኩ። አምስት ቁጥር አንድ እንግዳ፣ ስድስት ቁጥር ሌላ እንግዳ፤ ሰባት ቁጥር ላይ «ሐሊማ» ይላል። ሳሎን ሮጥኩ። ካርቶኑ ወርዷል፤ የወረደው ግን እትዬ ሐሊማ እጅ ውስጥ ነው። እናቴ እንግዳ አንገቱን አንጋጦ ከሚያነብ ብላ አውርዳ በእጃቸው ሰጥታቸዋለች። እትዬ ሐሊማም የሕፃኑን ፎቶ እየመረጡ ለዘመድ ሁሉ ይልካሉ።

«እትዬ ሐሊማ፣ ይቅርታ፣ ስልክዎን ለትንሽ ጊዜ...» ብዬ ሳልጨርስ እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳ አወጣችኝ። ሰሚራን ጡት ከተወች ጀምሮ ያሳደገች፣ በዚህ ሙቀት ከአጣዬ የመጣች ሴት ስልክሽን ዝጊ ይባላል ወይ አለችኝ። ጥርሷን ነክሳ ነው የምትናገረው። እውነቷን ነው፤ በእኛ ዘንድ ያ ውርደት ነው። ደግሞ ቢዘጉትስ? ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ላፕቶፑ ይዘጋል፤ በተዘጋ ቁጥር ራውተሩ ሰባትን ባዶ ነው ብሎ ለሚቀጥለው እንግዳ ያድለዋል። ሰባትን ትቼ ራውተሩ የፈለገውን ቁጥር ይስጣት ብልም ቅድሚያዋ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ፎቶና ቪዲዮ እየተጎተተ የሰሚራ ድምፅ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ወደ የትም ብዞር ግድግዳ ሆነብኝ። አንገቴ ላይ ላቡ ይወርዳል፤ ዕንባዬም ከላቡ ጋር አብሮ መጣ።

አባቴ ከደብተራቸው ቀና አሉ። «ምን ሆነሻል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሙያዬ አንድ ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ግን የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ብዬ ዘረገፍኩት። «አባባ፣ ለሰሚራ ሰባት ቁጥርን ሰጥቻት ነበር። ራውተሩ ደግሞ ያንኑ ለእትዬ ሐሊማ ሰጠባት። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ተጣሉ።»

አባቴ እስክሪብቷቸውን ደብተሩ ላይ አስቀመጡ። እሳቸው የሚቸኩሉት ውሃ ቦዩን ሲሰብር ብቻ ነው።

«የሚያድለው እሱ ነው?»

«አዎ።»

«ለሰሚራ የሰጠሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለሚያድለው ነግረሽዋል?»

 ለላፕቶፑ ሰባት ነህ ብዬዋለሁ። ለራውተሩ ሰባትን አስቀድም ብዬዋለሁ። ሰባትን ለሌላ አትስጥ ግን አላልኩትም። ረቡዕ ዕለት በዚያ ሁሉ ኩራት ውስጥ የረሳሁት ይህን ነው።

አባቴ ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ጣታቸውን ቀዩ መስመር ላይ አደረጉ። ከመስመሩ በላይ ያለው የተያዘ ነው አሉኝ፤ የመስጊዱ ዛፎች፣ ባል የሞተባቸው የሁለት ሴቶች ማሳ፣ የታመመ ሰው ጓሮ። ጥንት፣ ገና ሥራውን ሲጀምሩ፣ ለአንዲት ሴት ተራ በቃላቸው ሰጥተው፣ እሳቸው ታመው በተኙበት ቀን የተኳቸው ሰው ሳያውቅ ያንኑ ተራ ለሌላ አድሎ፣ ሁለት ቤተሰብ በአካፋ ሊፋጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ቀዩ መስመር የመጣው።

«መጀመሪያ የተያዘውን ለብቻው አድርጊ። ማደል የሚጀመረው ከመስመሩ በታች ነው» አሉኝ።

ተነስቼ ሮጥኩ። ስምንት ደቂቃ ቀርቶናል። ራውተሩ ውስጥ ገባሁ። ማደያው ከሁለት ይጀምራል የሚለውን አጥፍቼ፣ ከመቶ ጀምር ብዬ ጻፍኩ። ከመቶ በታች ያለው ሁሉ የቤታችን ሆነ። የእኔ ቀይ መስመር መቶ ላይ ተሰመረ። አስቀምጥ የሚለውን ስነካ ራውተሩ ራሱን አጠፋ፤ መብራቶቹ ሁሉ ድርግም አሉ። ሳሎን ውስጥ የአሥሩም ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ።

እትዬ ሐሊማ ቀና ብለው «ሄደ እንዴ?» አሉ።

«አሁን ይመጣል፣ እትዬ» አልኳቸው። እናቴ አላየችኝም፤ ማለት ሆን ብላ አላየችኝም።

ቢፌው ፊት ቆምኩ። አንዷ መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ከመኝታ ቤት የአማካሪው ድምፅ ይሰማኛል፤ አምስት ደቂቃ ይላል። ዕድሜ ልኬን ያን ያህል ዱዓ አድርጌ አላውቅም። አራት ደቂቃ አለ። ሁለተኛዋ መብራት በራች። ቀይዋ ጠፋች፤ ሁሉም ጨለመብኝ፤ በቃ አልኩ። ከዚያ አረንጓዴ ሆና መጣች።

ስልኬ ላይ ዝርዝሩን አየሁ። መቶ፣ መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት። እንግዶቹ ተራ በተራ እየተመለሱ ነው። እትዬ ሐሊማ መቶ ሦስት ላይ ተቀመጡ። ሰባት ቁጥር ላይ ማንም አልነበረም። «ሰሚራ፣ ክፈቺው!» አልኩ።

የሦስቱ ፈታኞች ፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቶሽ ነበር፣ እንቀጥል አሏት። እኔም ተመልሼ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ጥያቄው ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። በመሃል ሕፃኑ ሁለቴ አለቀሰ፤ አንዴ ሰሚራ ይቅርታ ጠይቃ ላፕቶፑን ዘግታ አጥብታ ከፈተችው። ስትከፍተው ፈጥኜ ዝርዝሩን አየሁ። ሰባት ቦታዋ ላይ ናት። ሳሎን ያለው ሰው ፎቶውን ይልካል፣ ቪዲዮውን ያያል፤ ማንም ማንንም አይነካም።

መጨረሻ ላይ አንዱ ፈታኝ፣ ይህን ያህል የምታውቂው ጉዳይ ከሆነ ለምን የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ይዘሽ መጣሽ ብለው ጠየቁ። ሰሚራ ቀና ብላ አየቻቸው። «የመጀመሪያው ሁለት ዓመት አጣዬ ላይ ከቤቴ ጋር ተቃጥሏል። ይህን እንደገና ነው የሠራሁት» አለች።

ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። መስመሩ ሄደ ብዬ ዘልዬ ወጣሁና ቢፌው ላይ ያለችውን መብራት አየሁ። አረንጓዴ ናት። ተመልሼ ስገባ ሦስቱም ፈታኞች አሉ፤ ዝም ያሉት ሰዎቹ ናቸው። ጠያቂው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያብሳሉ። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» አሉ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አማካሪዋ ደወለ። እጅግ በጣም ጥሩ በሚል ውጤት አልፋለች። ሰሚራ ስልኩን ጣለችው። እትዬ ሐሊማ ከሳሎን እልልታውን ሲያቀልጡት ሕፃኑ ደንግጦ ተነሳ፤ እናቴም ተቀበለቻቸው፤ ግቢው ተናወጠ። ሰሚራ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ደረቴ በሙሉ ረጠበ። «ሁለተኛ ተቃጠለብኝ ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን የደስታ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ኑረዲን ሎጊያ ላይ መኪናውን አቁሞ ጥሩምባውን ለረጅም ጊዜ እያስጮኸ በስልክ አሰማን። እትዬ ሐሊማ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ሲሰሙ ስልካቸውን አንስተው፣ እኔ ነኝ ወይ የልጄን ወንበር የያዝኩት ብለው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቢጠየቁ ወዲያው ይዘጉት እንደነበር ለእናቴ ያኔ ነው የገባት።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህን ስነግራችሁ ጀግና መሆኔን ለማውራት ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ለማውራትም ነው። ግን ከዚያ ቀን የተማርኩት ነገር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ትምህርት የከተማ፣ የአባቴ ሥራ የጭቃ ይመስለኝ ነበር። ሲታይ አንድ ሥራ ነው የምንሠራው። እሳቸውም ያድላሉ፤ እኔም አድላለሁ። የሚያጣላን የነገር እጥረት መስሎን እንግዳ እንቆጣለን፣ ዓይን ነው እንላለን፣ ሰው በዛ እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ለአንዱ የሰጠነውን ለሚያድለው ስላልነገርን ነው። እናንተም ቤታችሁ ራውተር ስትተክሉ፣ ለአንዱ መሣሪያ ቋሚ ቁጥር ከሰጣችሁ፣ ያን ቁጥር ከሚታደለው አውጡት። መስመራችሁን አስምሩ። ከዚያ በኋላ እንግዳው ቢመጣ ይምጣ፤ ፓስወርዱን በአበባ አስጊጣችሁ ስቀሉለት።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን ዞረ። መጀመሪያ አንድ የጀውሃ ምግብ ቤት ጠራኝ፤ ትእዛዝ የሚቀበሉበት ማሽን እንግዳ ሲበዛ እየጠፋ ተቸግረው ነበር። የእኔው በሽታ ነው፤ በሩብ ሰዓት ዳነ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ፣ ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት። አሁን ከአውራ ጎዳናው ዳር ትንሽ ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ከጠረጴዛዬ ላይ አባቴ ራሳቸው ገዝተው የሰጡኝ ደብተር አለ። ሲሰጡኝ ገጹን ሁሉ በቀይ አስምረውበት ነበር። ከመስመሩ በላይ የተያዘውን እጽፋለሁ፤ ከመስመሩ በታች የሚታደለውን። ሰሚራም ተመልሳ ታስተምራለች፤ ያ ቀጠሮ የማያከብረው ልጅ ሮጦ ራውተር የሚነቅልበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።

ባለፈው ወር የረሳሁትን ዕቃ ልወስድ ወደ ቤት ጎራ ብዬ መስኮቱ ሥር ሆኜ ስፈልግ፣ ጋሽ ይመር ደጃፍ ላይ ከአባቴ ጋር ቆመዋል። የልጃቸው ቤት ዋይፋይ አስቸግሯቸው ነው የመጡት። «ሀያት የት ናት?» አሏቸው።

በዚህ ጊዜ አባቴ ዝም አላሉም።

«ሥራ ላይ ናት» አሉ። «ሄደህ ተራ ያዝ።»